እስክትሄድ ነው የተሸከምኳት

ጥር 2016 ዓ.ም.

ውድ አባ ጉዮ፣

አካም፣ ናጋ? «ናጋ፣ ሰላም ነው» ብለዋል፤ እዚህ ጀርመን ድረስ ሰማሁዎት። ከብቱስ? «ናጋ።» ውሃውስ? «ናጋ።» እግርዎስ? ልብዎስ? «ናጋ፣ ናጋ።» ስልኩን ትቼ ወረቀት ያነሳሁት ለዚሁ ነው። በስልክ ሲሆን ሦስቴ ናጋ ይሉና ቀፎውን ለጉዮ ያቀብሉታል። ደብዳቤን ግን መሀል ላይ ማቀበል የለም። ልጅዎ ጉዮ አንዲት ቃል ሳይዘል አንብቦ በኦሮምኛ እንዲነግርዎ አስምዬዋለሁ። ጉዮ፣ ሰምተሃል? የሚያሳፍርህ ቦታ ስትደርስም አትዝለል።

አንድ የምስራች አለኝ፣ አንድ ክስ። የምስራቹን ካስቀደምኩ ደስ ብሎዎት ከዘራዎን አንስተው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ክሱ ይቅደም።

ጉዮ ሁሉን ነግሮኛል። እግርዎ አብጧል። ነገሌ የመረመረዎት ሐኪም «ልብዎ ደክሟል፤ መድኃኒት ይጀምሩ፣ ከቤት ሳይወጡ ይረፉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይታዩ» ሲልዎት «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ወጡ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የት ተገኙ? የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ! አባ ሄሬጋ ነኝ፣ የውሃው ተራ ዳኛ ነኝ፣ እኔ ከሌለሁ የሰው ከብት ይጣላል ብለው። የቀጠሮው ቀን አለፈ። መኪና እንደሆነ ደጅዎ ድረስ አይገባም፤ ጎርፉ መንገዱን ቆርሶ በልቶታል። ጉዮ እስከ አስፋልቱ ልሸከምዎ ቢል ከዘራ አነሱበት። «ሰው ተሸክመውት ከቤቱ የሚወጣው ሊቀበር ነው» አሉት። ይህን ሲነግረኝ፣ ያ ሞያሌ ድረስ አይሱዙ እየነዳ ትራፊክ የሚያስፈራራው ሰውዬ፣ ስልኩ ላይ አለቀሰ። (ጉዮ፣ ይህችንም አንብብ ብዬሃለሁ።)

እኔም ፈርቻለሁ፣ አባ ጉዮ። አላሽሞነሙነውም። እርስዎን ሳላይ እንዳልቀር ፈርቻለሁ።

ክሱ ይህ ነው። አሁን ቁጭ ይበሉና የምስራቹን ይስሙ፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

ፓምፑ ፈተናውን አለፈ! እልል በሉ!

ደግሞ «የውሃው ነው?» እንዳይሉኝ። በስልክ ፓምፕ ነው የምሠራው ባልኩ ጊዜ፣ የክትባት ሠራተኛው የአምሀ ልጅ ጀርመን ሄዳ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ሆነች ተብሎ በነገሌ ተወራ። እናቴ ወለተሐና ስንት ዓመት «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» ስትል ቆይታ፣ ጎረቤቷ «እስቲ ስትመጣ የሰፈራችንን ቦኖ ታየው» ብትላት አንድ ሳምንት አኮረፈች። አይደለም። ይህ ፓምፕ የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነው፤ የሚገጠመውም ለሕፃን ልጅ ነው። የልጅ ልብ በሕመም ሲደክም፣ ፓምፑ ደሙን ተቀብሎ በልብ ፈንታ ወደ ሰውነት ይገፋል። ልቡ እስከዚያ ያርፋል። ከበረታ ፓምፑ ይወጣለታል።

የእኔ ሥራ በፓምፑ ሆድ ውስጥ ደም እንዴት እንደሚሄድ ማየት ነው። ደም አመለኛ ነው። ካቆሙት ይረጋል፣ ካጣደፉት ይሰባበራል። የአዋቂ ፓምፕ ሰፊ ነው፤ ደሙ እንደ ልቡ ይፈስሳል። የልጅ ግን ጠባብ ነው፣ ደሙም ጥቂት ነው፣ እያንዳንዷ ጥግ የመቆሚያ ሰበብ ትሆነዋለች። የቆመው ይረጋል፤ የረጋው ቁራጭ ተነስቶ ጭንቅላት ገባ ማለት ደግሞ ልጁን ሊያድን የገባው ዕቃ ገደለው ማለት ነው።

ታዲያ በፕላስቲክ ሆድ ውስጥ እንዴት ይታያል ካሉኝ፣ ይህን ነገር ቢያዩት ይወዱታል። ፓምፑን ብርጭቆ በመሰለ ፕላስቲክ እንሠራዋለን። ከዚያ ውሃና ግሊሰሪን፣ ያ እጅ ሲሰነጠቅ የምንቀባው፣ በልኩ ደባልቀን እንሞላዋለን። ልኩ ሲገጥም ፕላስቲኩ ከዓይን ይጠፋል! እዚያው አለ፣ ግን አይታይም። ፈሳሹ ውስጥ ዱቄት የመሰለ የሚያብለጨልጭ ነገር በትነን በቀጭን ብርሃን እንቆርጠዋለን። የነገሌ ትምህርት ቤታችን ቆርቆሮ ጣሪያ ምስማር በበሳው በኩል ፀሐይ ስትገባ አቧራው ሲጨፍር አይታይም? ልክ እንደዚያ ነው። የትኛዋ ብናኝ እንደምትሮጥ፣ የትኛዋ አንድ ቦታ ስትዞር እንደምትውል ቁጭ ብዬ አያለሁ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ጮኼ ሳቅኩ። አንዱን ፕላስቲክ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የልጅ ልጆችዎ እንዳይሰብሩት።

አሁን ወደ ኋላ ልመልስዎ። የ1986ን ክረምት ያስታውሱታል? ሌላው አገር ዝናብ ሲበዛበት በእናንተ ዘንድ ቦና ነው፣ ደረቅ ነው። ትምህርት ተዘግቶ አባቴ ለክትባት ወደ እናንተ ሲወጣ ይዞኝ መጣና «እኔ እስክመለስ ትቀመጥላችሁ» ብሎ ትቶኝ ሄደ። እኔ ስምንት ዓመቴ፣ የእርስዎ ልጅ ሎሚ ዘጠኝ። ሎሚን ትኩሳት ይዟት ለቋት ነበር፤ ግን ከጎጆው እስከ በረቱ ስትሄድ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። የነገሌው ሐኪም «ልቧ ደክሟል፤ እረፍት ካገኘ ሊመለስ ይችላል። አታስኪዷት» አለዎት። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ምክር እሺ ብሎ ይረሳዋል። እርስዎ ግን የሰሙትን አደረጉ፣ የልጅቷ እግር መሬት አልነካም። ከጎጆ ወደ ጥላው በጫንቃዎ፣ ከጥላው ወደ ውሃው በጫንቃዎ። እኔ ቅናት ሊገድለኝ ደረሰ። አንድ ቀን «የኔም ልብ ደከመ!» ብዬ መሬት ላይ ብዘረር፣ ቆም ብለው አይተውኝ «ልብሽ ቢደክም ምላስሽም ይደክም ነበር፤ ተነሺ» አሉኝ።

እናም ያ ቀን። ጉድጓዱ ውስጥ ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲ ይቀባበላሉ፤ እርስዎ ሎሚን እንደተሸከሙ ተራ ያስከብራሉ። ከወንዶቹ አንዱ፣ ዳዳቻ፣ ከታች ሆኖ ጮኸ፦ «አባ ጉዮ! ይህችን ልጅ እስከ መቼ ነው እንደ ጥጃ የምትሸከማት? ሰነፍ አድርገህ ልታስቀራት ነው!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ መቼም ሰው ሲስቅ አይቼ አላልፍም። እርስዎ ድምፅዎን ከፍ እንኳ አላደረጉም።

«ላም በቦና ስትደክም አራት ሆናችሁ በቀንዷና በጭራዋ ይዛችሁ ታቆሟታላችሁ፣ ማንም አይስቅም። ልጅ ስትደክም ትስቃላችሁ? እስክትሄድ ነው የተሸከምኳት።»

ከዚያ ባልዲው ቀጠለ። ዳዳቻ በማግስቱ ከራሱ ላም ላይ የታለበ ወተት ይዞ መጣ፤ የሰጠው ደግሞ ለእርስዎ ሳይሆን ለሎሚ ነው።

የዚያን ጊዜ ወተት ብርቅ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ ጠዋት የበሬውን አንገት በገመድ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ በትንሿ ቀስት የደም ሥሩን ወጋ አድርጋችሁ ደም ትቀዱ ነበር። ገመዱ ሲላላ ደሙ ይቆማል፣ በሬው ምንም እንዳልሆነ ሣሩን ይግጣል። ደሙ እንዳይረጋ ወዲያው በእንጨት መማሰል አለበት፤ ይህ ደግሞ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ስለሆነ የሎሚ ነበር። ማማሰሉን ያስተማረችኝ እሷ ናት። «ቀስ በይ፤ ወደ አንድ ጎን ብቻ፤ እንጨቱ ላይ ክር ሲጠመጠም ይሰማሻል።» እውነትም ክር ይጠመጠማል! ያን ክር ለውሻ እንጥልና የቀረው ደም ውሎ ቢያድር አይረጋም። እኔ የክርስቲያን ልጅ አልጠጣ ነገር፣ ማማሰሉን ግን ማን ይቅደመኝ። ነገሌ ተመልሼ ለእናቴ በኩራት ስነግራት ግን ጉድ ፈላ። «ሀይማኖት ብዬ ስም ያወጣሁላት ልጅ ደም ስታማስል ትክረም!» ብላ ጸበል አስረጨችኝ። እርስዎ በገበያው ቀን ማር ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ መጡ፤ «አልጠጣችም፣ አማሰለች እንጂ» ይላሉ ደጋግመው። አባቴ ጓዳ ገብቶ ነው የሳቀው።

ያ ማማሰል ጀርመን ድረስ ተከተለኝ፣ አባ ጉዮ። ጉድ ነው የሠራኝ።

በብርሃኑ ያየነውን ፓምፕ መጨረሻ ላይ በእውነተኛ ደም እንፈትነዋለን። ደሙ ከቄራ ይመጣል። ሲቀዳ መርጋቱን የሚያዘገይ መድኃኒት ይጨመርበታል፣ ግን በልኩ፤ ጨርሶ እንዳይረጋ ካደረጉት ፈተናው ፈተና መሆኑ ቀረ። ባለፈው ሰኔ የመጣው ደም መድኃኒቱ አንሶት ነበር። ክዳኑን ስከፍት ከላይ ክር ክር ማለት ጀምሯል። መጣል ነበረብኝ። የሥራ ጓደኞቼ ምሳ ወጥተዋል። እጄ እኔን አልጠየቀኝም! ንጹህ ዘንግ አንስቼ፣ ቁጢጥ ብዬ፣ ቀስ እያልኩ ወደ አንድ ጎን ማማሰል። ኧረ አንጎራጉሬያለሁም መሰለኝ። ደሙ ቀጠነልኝ፣ ደስ አለኝ፣ ፓምፑ ውስጥ ለቀቅኩት፣ ቀኑን ሙሉ ዞረ። ሲከፈት ፓምፑ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጠርቷል። ጭብጨባው! አለቃዬ ዶክተር ግሬታ፣ ሰው አቅፋ የማታውቅ ሴት፣ አቀፈችኝ። ኬክ ተቆረሰ። እናቴ በስልክ እልል አለች፤ ቦኖውን ረሳችው።

በማግስቱ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ ዘንጉን አገኘሁት። ባዘቶ የመሰለ ክር ተጠምጥሞበታል። ወደ መብራቱ አነሳሁት። ደም የሚረጋው በዚያ ክር ነዋ! ክሩን እኔው አውጥቼ የቀረውን ነው ፓምፑ ውስጥ የለቀቅኩት። ያ ደም ጥግ ይዞ ወር ቢቆምም አይረጋም። የምስክሩን አፍ አስሬ ጥፋት የለም እንዳልኩ ይቁጠሩት።

ያየኝ ሰው አልነበረም። ዝም ብል ፓምፑ በበግ ወደሚደረገው ሙከራ ያልፋል፤ ከበግ ወደ ልጅ። ኬኩ ገና ጠረጴዛው ላይ ነው። ዘንጉን እንደያዝኩ ወደ ዶክተር ግሬታ ክፍል ገባሁና ሁሉን ዘረገፍኩት፦ በሬውን፣ ቀስቱን፣ እንጨቱን፣ ሎሚን። ፊቷ ቀላ። ዘንጉን ከእጄ ወሰደችው። ልባረር ነው ብዬ ሻንጣዬን በሐሳቤ ሸክፌ ጨርሻለሁ። ከዚያ «ማን ነው ይህን ያስተማረሽ?» አለችኝ። «የዘጠኝ ዓመት ልጅ» አልኳት። ሳቋ መጣ፤ ወንበር ይዛ ሳቀች። በሌላ ቀን ደም አስመጥታ ሰዎቹን ሰብስባ አስማሰለችኝ፤ ክሩን ስስበው ሁሉም «ዋው!» እያለ ፎቶ ያነሳል። አሁን በራችን ላይ «ደም ማማሰል ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ከሥሩ አንዱ ባለጌ ዘንግ ስሎ ስሜን ጽፎበታል።

እንደገና በትክክለኛው ደም ፈተንነው። ሲከፈት አንገቱ ጋ፣ ደሙ የሚወጣበት ጥግ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል የረጋች ነገር ተለጥፋለች። አባ ጉዮ፣ ለዚያች ሰሊጥ እግዚአብሔርን አመሰገንኩት። ልጅ ውስጥ ሳትገባ ተገኘች። ብናኙን በትኜ በብርሃኑ ሳየው፣ ያቺ ጥግ ላይ ብናኟ ወጣ ሳትል ትዞራለች። የት ነው የማውቀው ይህን እያልኩ ቆየሁና፣ ለካ የጀሪካን እጀታ ነው! ነገሌ ውስጥ የወተት ጀሪካን ያጠበ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሆዱን የፈለገውን ያህል ቢያሹት በእጀታው ባዶ ውስጥ የተደበቀችው ወተት ጎምዝዛ ሁሉን ታበላሻለች። የአንገቱን ጥግ ሞላሁት፣ ክብ አደረግኩት፣ ፈሳሹ እያለፈ እንዲያጥበው አደረግኩ። ስንት ጊዜ አበላሽቼ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አልነግርዎትም። ባለፈው ሐሙስ ከፈትነው። ንጹህ! የእውነት ንጹህ! ዶክተር ግሬታ መጀመሪያ ዘንጎቹን ሁሉ ቆልፋባቸው ነበር።

ቀጥሎ በበግ ይሞከራል፤ ልጅ ጋ እስኪደርስ ገና ዓመታት አሉት። ቢሆንም በማግስቱ ከጎናችን ካለው ሆስፒታል አንድ አባት ሊጎበኘን መጣ። ትንሽ ልጁ ልቡ ደክሞ ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ ዛሬ ያለውን ዓይነት ፓምፕ እንግጠምለት ብለውታል፣ እሱ ፈርቷል። የእኛን እንቁላል መዳፉ ላይ አስቀምጦ ሲያገላብጥ ቆየና «ሌላ ነገር እየሠራለት ልቡ አይሰንፍም?» አለ። ሁሉም ሰው በቁጥር ሊመልስለት አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኳቸው። በተሰባበረ ጀርመንኛዬ «እስኪሄድ ነው የምንሸከመው» አልኩት። «ይህን ማን አለው?» አለኝ። ስለ እርስዎ ነገርኩት። ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ዳዳቻ፣ ስለ ላሚቱ ጭራ። ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ። በነጋታው ፈረመ። ልጁ ፓምፑ ከገባለት ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ጉንጩ ቀይ ሆኗል አሉኝ።

ሎሚንስ አይተዋት የለ? ያ ክረምት አልፎ እኔ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ገብቼ ነበር። የሀጋያው ዝናብ ከጣለ በኋላ በገበያ ቀን ነገሌ ስትመጡ እሷ ከፊት ትሄዳለች፣ እርስዎ ከኋላ፤ ጫንቃዎን ምን እንደሚያደርጉት ጠፍቶዎት እጅዎን ወደ ኋላ አጣምረዋል። እናቴ በር ላይ ሆና ስታይ እልልታዋን አቀለጠችው። አሁን የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ሞያሌ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ድምፅዋ ኬንያ ይሰማል። የሰነፈ ልብ እንደዚህ ይጮኻል?

እንግዲህ ክሴን ልደምድም። የእርስዎ «ናጋ» የእኔ የሰኔው ፓምፕ ነው። ሲያዩት ንጹህ፣ ሲያጨበጭቡለት ደስ የሚል፤ ግን ክሩን አውጥተውበታል። እኔ አለቃዬ ፊት እያፈርኩ እውነቱን ከተናገርኩ፣ እርስዎ ነገሌ ላለው ሐኪም «ደክሞኛል» ማለት ምን ይከብድዎታል? ልብዎ እረፍት ነው የጠየቀው፤ ሌላ አልጠየቀም። የውሃውን ተራ ዳዳቻ ይያዘው፤ አሁን እሱም ሸምግሏል፣ ሥራው ከመሳቅ ይከለክለዋል። ሎሚ ደግሞ እንዲህ በዪልኝ ብላለች፦ «የጉዮ ወገብ ካልቻለ ከሞያሌ መጥቼ እኔ እሸከመዋለሁ፤ ለሰው ፊት ግድ የለኝም።» ታደርገዋለች፣ ያውቋታል።

እኔ ለፋሲካ ነገሌ ነኝ። ከጎጆዎ ወጥተው በእግርዎ እንዲቀበሉኝ ነው የምፈልገው፤ ማሩን እኔ አመጣለሁ። እስከዚያ ቢሸከሙዎት ክብርዎ አይነካም፤ እርስዎ ልጅ ሲሸከሙ ክብሩ የተነካ ሰው አላየንም። በመንገድ የሚስቅ ካለ ምን እንደሚመልሱለት እርስዎ ያውቁታል።

ናጋ ይሁኑልኝ፤ የእውነቱን ናጋ።

እጇ ማማሰሉን፣ ምላሷም ወሬውን ያልረሳው ልጅዎ፣
ሀይማኖት አምሀ

ጉዮ፣ አንብበህ ጨርሰሃል። ወረቀቱን አስቀምጥና ጎንበስ በልላቸው።